ባለ ፓምፑ

በኮይዱ ከተማ፣ ካልማዙ ጉድጓድ ማዶ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቃው እንደ ነዶ፣
አንድ ባልዲ ይዤ፣ አንድ ፓምፕ አዝዬ፣
ከፊንዳ ደጅ ደረስኩ፣ ላስቲክ ተጠቅልዬ።

ስሜ ኮምባ ይባላል፤ ቀለም ቀቢ ነበርኩ፤
ይህንን ቤት ያኔ እኔው በእጄ አሳመርኩ።
«አረንጓዴ» አለች፣ «የማንጎ ቅጠል ዓይነት፣
ገና ያልጠገበ አቧራና ሙቀት።»
ሦስት ቀን ቀባሁት። ታምባ፣ ልጇ፣ መጥቶ፣
ጣቱን ከጣሳዬ እስከ ክንዱ ከትቶ፣
የጫማዬን አፍንጫ አረንጓዴ ቀባው፤
ብቆጣው ሳቀብኝ፤ ብስቅ ደግሞ ከፋው።

ዛሬ ጫማዬ ሌላ ነው፣ ጉልበት የሚደርስ ቦት።
ታምባም የለም ዛሬ። አንድ ማክሰኞ ሌሊት
እናትና ልጅን ነጭ መኪና ወሰደ፤
የመለሰው አንዷን ነው፤ አንዱ እንደ ሄደ ሄደ።
«ድናለች» የሚል ወረቀት በላስቲክ ሸፍና፣
ከገመዱ ማዶ ቆማ ታየኛለች፣ ዝናብ ላይ፣ ዝም ብላ።

ደንቡን በቃሌ አውቃለሁ፤ በእንቅልፌም እለዋለሁ፦
ከበሩ እጀታ ጀምር፤
ከላይ ወደ ታች ውረድ፣ ከንጹሑ ወደ እድፉ፤
በደረቅ መጥረጊያ አትጥረግ፤ አቧራው ነው ክፉ።
ረጭተህ አትቸኩል፤ ደቂቃውን ቁጠር፤
በረኪና ሽማግሌ ነው፤ ካልታገሡት አይመክር።

ፍራሹን አወጣን፤ ከሜዳው ነደደ።
ሽርጧን ዘፈዘፍኩት፤ ቀይ አበባው ሄደ።
ማንኪያው፣ ሚዶው፣ ድስቱ፣ ሁሉም በየተራ
ከባልዲዬ ወጣ፣ ነጥቶ፣ እየሸተተ፣ የማንም ዕቃ ይመስል።
ከዚያ ግድግዳው። የገዛ ቀለሜን በገዛ እጄ ላጥኩት፤
ለዚያ ቅጠል ቀለም ሦስት ቀን ነበር የፈጀሁት፤
ለማገርጣቱ ግማሽ ሰዓት በቃ።

ድንገት ተጣራች።
«ኮምባ! የጓዳው በር። መቃኑን ተወው።»

ዞሬ አየሁት።
አራት መሥመር፣ በከሰል።
የዝናቡ ወራት በገባ ቁጥር አንድ፤ የልጇ ቁመት።
የላይኛው ዙሪያው በጣት ብዛት ወዝቷል፤
ለካ በየማለዳው፣ «አድጌ እንደሆነ» እያለ፣
ሲዳብሰው ኖሯል።

እጅ የነካው ሁሉ ይረጫል።
እጅ የበዛበት ደግሞ፣ ከቤቱ ሁሉ፣ ይህ መቃን ነው።

መነጽሬ ላበው፤ ከውስጥ ነውና መጥረጊያ የለኝም።
አንድ ስንዝር ያህል ርቄ፣ ሳልነካው፣
ፊት ለፊት ቆምኩና በዓይኔ ለካሁት፦
የላይኛው መሥመር፣ ከታች ሁለተኛው ጎድኔ።
ደግሜ ለካሁ። ሁለተኛው ጎድኔ።

ከዚያ ረጨሁት።
ከሰሉ ሟሟ፣ ወረደ፣ ደፉ ላይ ከጭቃ ተቀላቀለ።
ፊንዳ አልጮኸችም።
ደቂቃውን ቆጠርኩ።

ሃያ አንድ ቀን አለፈ፤ ደግሞ ሌላ ሃያ አንድ።
ገመዱ ተፈታ፤ ልጆች መዝለያ አደረጉት።
ባልዲዬን በአሸዋ ፈትጌ፣ ብሩሼን በጋዝ አጥቤ፣
ያንኑ አረንጓዴ ጨምቄ ሄድኩ።
«ዋጋ አልጠይቅም» አልኳት። አልመለሰችልኝም።
ያን ለት የለካሁትን ነገርኳት።

ብዙ ቆየች።
ከዚያ ምድጃው ዘንድ ሄዳ፣ ከበረደው ከሰል መረጠች።
«ቁም» አለችኝ።

ጀርባዬን ለመቃኑ ሰጥቼ ቆምኩ።
ሸሚዜን ገለጥኩና ከታች ጀመርኩ፦ አንድ፣ ሁለት።
«እዚህ ጋ።»
ጣቷን አሳረፈችበት፤ ጓንት የሌለው ጣት፣
ከስንት ወር በኋላ ሰው ሲነካኝ የመጀመሪያው።
ቀዝቃዛ ነበር። ትንፋሼን ያዝኩ፣
መለኪያው ከፍ ዝቅ እንዳይል።

አሰመረች።
ገለል ብዬ አየሁት፤ ወደ ግራ ትንሽ ዘሟል።
ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ማቃናት አውቃለሁ።
ተውኩት።